ስሙን ማን ጻፈው?

ከሰበታ ወደ አየር ጤና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ወጣትና አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጠዋል። ወጣቱ ስልኩ ላይ የጌም አካውንት እየከፈተ ነው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ኢሜይል ያንተ ነው?» አለችው ሴትየዋ።

«አይ፣ ዝም ብዬ የፈጠርኩት ነው። የራሴን ስሰጥ በማስታወቂያ ያሰለቹኛል።»

«የሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«የማን ይሆናል? ስምና ቁጥር ነው የጻፍኩት።»

«የወንድሜም ስምና ቁጥር ነበር።»

«አልገባኝም፣ እህቴ።»

«ወንድሜ አምና አረፈ። ስልኩን እናታችን ናት የያዘችው፤ አትዘጋውም። በቀደም በኢሜይሉ መልእክት ገባ። እኔው ነኝ ያነበብኩላት፤ ምነው ባላነበብኩት! ስሙን ጠርቶ ‹እንኳን ደህና መጣህ፣ አካውንትህ ተከፍቷል› ይላል።»

«የጌም?»

«የጌም። እሷ ግን ‹ልጄ የሆነ ቦታ አለ› አለች። አፈር ሲለብስ በዓይኗ አይታ!»

«ያ ዋቃዮ! አታስረዷትም ታዲያ?»

«አስረዳናት። የማያውቀን ሰው ለጨዋታ ብሎ የጻፈው ነው አልናት። ‹የማያውቀን ሰው የልጄን ስም ከየት አመጣው?› ትላለች። መልእክት በገባ ቁጥር ስልኩን ታቅፋ ወደኔ ትሮጣለች።»

ወጣቱ የጻፈውን እንድታየው ስልኩን ወደ እሷ አዞረ።

«እኔ የጻፍኩት ሌላ ስም ነው፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ። አንተን አልከሰስኩም።»

«ሰው ይጎዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

«ያኛውም አላሰበም።»

«ነፍስ ይማር።»

«አሜን። ወራጅ አለ!»

ሴትየዋ ዓለም ገና ላይ ወረደች፤ እኔ ግን «የልጄን ስም ከየት አመጣው?» የሚለው የእናትየዋ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ፣ መውረጃዬ ሲደርስ ወራጅ ሳልል እስከ መጨረሻው ሄድኩ።