የእትዬ ዳስተር ጠረጴዛ

እስቲ አንዴ ጸጥታ፣ እትዬን በጡረታ ልንሸኝ ነው! ኬኩ የትም አይሄድም፤ እኔም ቶሎ እጨርሳለሁ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

እትዬ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጡ ቀን እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ነበር። ክፍልፋይ ላይ ነኝ። በድንገት ከግድግዳው ወዲያ ኳ! ኳ! ኳ! ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ሰው ምስማር የሚመታ መስሎኝ አናጢያችንን ጠራሁና "ሂድ፣ ቀስ በል በለው" አልኩት። እሱም መዶሻውን እንደያዘ ሄደ። ይኸው እዚያ ጥግ ተቀምጦ ይስቃል። ገብቶ ቢያይ ምስማር የለ፣ ምን የለ፤ አዲሷ የእንግሊዝኛ መምህርት በዳስተር ጠረጴዛ ይደበድባሉ! ለካ "ሐመር ሆም" የሚለውን እያስተማሩ ኖሯል።

"ኑ፣ ግቡ!" አሉት መዶሻውን ሲያዩ። "ምስማር ሲመቱ መቼ ነው የሚያቆሙት?"

"እ... ሲገባ ነዋ፣ እትዬ።"

"ሰማችሁ ልጆች? ሐመር መዶሻ ነው፤ ሐመር ሆም ማለትም ይኸው ነው! ነገሩ ሰው ልብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አስረግጦ፣ ደጋግሞ መናገር። ገባ?"

"ገባ!" አለ ክፍሉ በሙሉ። ከግድግዳው ወዲህ ያሉት የኔ ተማሪዎችም "ገባ!" አሉ። ክፍልፋዩ ግን እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው እትዬ ዳስተር ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ "እትዬ፣ ስትረስ በሉት፣ ኤምፈሳይዝ በሉት፣ ሐመር ሆም በሉት፣ ያው አጽንዖት መስጠት አይደል እንዴ?" አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! "ዘመዳሞች ናቸው እንጂ መንትያ አይደሉም!" አሉኝ። "ስትረስ ስትል ቃሉን ጠበቅ ታደርገዋለህ። አንደርላይን ስትል ታሰምርበታለህ፤ ሰሚው ልብ ካለው ልብ ይላል። ኤምፈሳይዝ ሱፍ ለብሶ ስብሰባ የሚሄደው ነው። ሐመር ሆም ግን ሰውዬው ሳይገባው ወደ ቤቱ አይሸኘውም።" ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እሳቸው ግን አልለቀቁኝም።

የቤት ሥራቸውንማ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። "ቤታችሁ ውስጥ በጣም የሚያስፈልጋችሁን አንድ ነገር ለቤተሰብ አስረግጣችሁ ንገሩ" ይላሉ። አንድ አባት እየተናደዱ መጡ። "መምህርት፣ ልጄ ምሳ ላይ በማንኪያ ጠረጴዛ እየመታች 'የራሴ አልጋ ያስፈልገኛል' ትለኛለች!"

"ታዲያ ገዙላት?"

"ምን ላድርግ፣ ገዛኋታ!"

"እንግዲያው ትምህርቱ ገብቷል" አሉና ሸኟቸው።

አሁን ግን ስለዚህ ክፍል ልንገራችሁ። አዲሶቹ አታውቁም፤ የተቀመጥንበት ቤተ መጻሕፍት የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሊሆን ተወስኖ ነበር። ኃላፊው ከትምህርት ቢሮ መጡ፣ ተሰበሰብን። እኔ ስለ ጣሪያው ጮኽኩ፣ የታሪክ መምህሩ ስለ በጀት ጮኸ፣ ሌላው ስለ መብራት። ኃላፊው ሰዓታቸውን አይተው ፋይላቸውን ዘጉ። ያን ጊዜ እትዬ ብድግ አሉ። ዳስተር አልያዙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉ።

"ልጆቹ ሌላ የሚያነቡበት ቦታ የላቸውም" አሉ።

"እናየዋለን፣ እትዬ።"

"ይዩት። ልጆቹ ግን ሌላ የሚያነቡበት ቦታ የላቸውም።"

"ወንበሮቹስ የት ይግቡ?"

"ወንበር ይጠገናል። ልጆቹ ሌላ የሚያነቡበት ቦታ የላቸውም።"

ሰውዬው ላባቸውን ጠረጉ። ወዲያ ዞሩ፣ ወዲህ ዞሩ፤ የትም ቢዞሩ ያቺው ዓረፍተ ነገር ቆማ ትጠብቃቸዋለች። በመጨረሻ ፋይላቸውን መልሰው ከፈቱና "ገባኝ፣ ልጆቹ ሌላ የሚያነቡበት ቦታ የላቸውም" ብለው በገዛ አፋቸው ተናገሩት! አናጢያችን ከደስታው ብዛት ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ነበር። ወንበሮቹንም እሱ ጠገናቸው። አሁን የተቀመጣችሁት እነሱ ላይ ነው፤ አትፍሩ፣ ይችሏችኋል።

እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥንዎን ሲያጸዱ ዳስተሩን በእጅዎ እያገላበጡ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ደበደብኩ፤ ለመሆኑ የገባ ነገር ይኖር ይሆን?" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ዓይንዎን አየሁ። ቀልድ አልነበረም። መልሱን ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ።

የኔ ልጅ እርስዎ ክፍል ስትገባ "አቤት" ለማለት እንኳ የምትፈራ ልጅ ነበረች። ዛሬ ፍርድ ቤት ቆማ ለሰው ትከራከራለች። ጠዋት ይህን ንግግር ሳነብላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? "አባዬ፣ በዛ። አንድ ነገር ያዝና እሱን አስገባ።" ድምፁ የሷ ነው፣ ቃሉ ግን የእርስዎ ነው። እኔ እንደ አባት አመሰግንዎታለሁ። እኛ ሁላችን፣ በእርስዎ አፍ የፈታን ሁሉ፣ እናመሰግንዎታለን። ይወዱናል፣ እኛም እንወድዎታለን።

በሉ እንግዲህ ተነሱ! ብርጭቆ በግራ እጅ፣ ቀኝ እጅ ጠረጴዛ ላይ። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጠዋት ደወል ሳይቀሰቅስዎ እስኪበቃዎ ይተኙ። የቤትዎን ጠረጴዛም አምላክ ያበርታው!

የጠየቁኝን አሁን ይጠይቁን። እሺ፣ እንባዎን ይጥረጉ፣ እኔ ልጠይቅልዎ። ገባ?

ኳ! ኳ! ኳ!

ገብቷል፣ እትዬ! ለጤናዎ!