የእንግዳው ሁለተኛ ስልክ

አቦ፣ እኛ ድሬ ሳቢያን ሰፈር አብዲ ቤት ጫት ይዘን በርጫ ስንቀመጥ ጫማም ስልክም በር ላይ ነው የሚቀረው፤ ስልኩ ባልዲ ውስጥ ይገባል። የዓለም ፖለቲካ የሚወራበት ቤት ነዋ፤ ማን እንደሚሰማ በምን ይታወቃል? ባለፈው አብዲ ከአዲስ አበባ የመጣ የሰብዓዊ መብት ምሁር ጋበዘልን። ሰውየው ሳያንገራግር ስልኩን ባልዲው ውስጥ ከተተና ስለ ጸጥታው ምክር ቤት፣ ስለ ስደተኞች መብት ሲተነትን አፋችንን ከፍተን ሰማነው። ቀጥሎ ግን «እዚህስ? እናንተ በነፃነት ትናገራላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ሁላችንም ስለ ድሬ ሙቀት ማውራት ጀመርን።

ይሄኔ ከኮቱ ኪስ ሌላ ስልክ ጮኸ። ክው አልኩ። «እናቴ ናት» አለ፣ ላብ እያጠመቀው። አብዲ «እንግዲያው ድምፁን ከፍ አድርገህ አንሳው፤ እኛም ሰላም እንበላት» አለው። አነሳው። «ልጄ» አለች አሮጊቷ፣ «ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ፖለቲካ እንዳታወራ፤ ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም!» ዋላሂ፣ በሳቅ ፈረስን። ሰውየውንም አቅፈን ሸኘነው።

በሩ እንደተዘጋ አብዲ «ቆይ» አለ፣ «እናትየዋ ሰዓት ጠብቃ የደወለች አይመስላችሁም?» ሳቃችን ጠፋ። እኔ ግን ያየሁት አብዲን ነው። ሰውየውን ያመጣብን እሱ አይደል? እንደገና ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመርኩ።