ከንግሥቲቱ ኋላ የታየችው ልጅ

የምስክር ስም፦ አብዱልሃሚድ ሀሚዱ ሰዑድ
ዕድሜ፦ 76
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ደቡብ ወሎ ዞን፣ ሐይቅ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን አሻግሬ ይማም
ጉዳዩ፦ በከተማው የሙስሊም መቃብር ውስጥ የሀያ ኑርዬ መቃብር ተቆፍሮ ስለመገኘቱ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የምሰጠው ቃል በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። የመጣሁት የባጃጅ ሹፌሩ ባድሩ ባልሠራው ሥራ ስለታሰረ ነው። የእሱ ዶማ መቃብሩ አጠገብ በመገኘቱ መሣሪያ ወይም የተዘረፈ ዕቃ ቀብሯል ተብሎ ተጠርጥሯል። በመቃብሩ ውስጥ መሣሪያም ዕቃም የለም። መቃብሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደከፈትኩት ከሥር ጀምሬ እናገራለሁ።

ሀያ የታናሽ ወንድሜ የኑርዬ ልጅ ናት። ኑርዬ አሁን በሕይወት የለም። ሀያ ወደ ዐረብ አገር የሄደችው ለውጥ መጣ በተባለበት በ2010 ዓ.ም. ሲሆን አብራት የሄደችው ይመኙሻል የምትባል ጓደኛዋ ናት። የይመኙሻል እናት ተሻለች በአምባሰል ወረዳ ከግሸን ተራራ ሥር የምትኖር ክርስቲያን ናት። ይመኙሻል ለጉዞው ስሟን ኢንሳፍ አስብላ ፓስፖርት አወጣች። ይህ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ዐረብ ቤት የሚገቡ የክርስቲያን ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ። ከመሄዳቸው በፊት ሀያ በወንድሜ ግቢ ሰላት አሰጋገድ ስታስተምራት አይቻለሁ። ይመኙሻል ግንባሯን መሬት ስታስነካ ሳቋ ያመልጣት ነበር፤ ሀያም ጀርባዋን መታ አድርጋ «ማዳምሽ ፊት እንዲህ ብትስቂ በመጣሽበት ትመለሻለሽ» ትላት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሀያ ከፎቅ ወድቃ ሞተች የሚል ወረቀት ከታሸገ ሣጥን ጋር መጣ። በሰፈራችን መቃብር የምቆፍረው እኔ ስለሆንኩ ሣጥኑ ይከፈትና ሴቶች ይዩዋት ብዬ ነበር። ወንድሜና ሽማግሌዎቹ ግን «በሙስሊም አገር ታጥባ ተከፍናለች፤ የወደቀችውን ልጅ ደግመን አንያት» አሉ። ሥርዓቱ እንዲህ አይደለም ብዬ ብከራከርም አልሰሙኝም። ሣጥኑ ሳይከፈት ተቀበረ። ወንድሜም በዓመቱ ሞተ። ሚስቱ ሙሚና ብቻዋን ቀረች።

ተሻለች በየዓመቱ ለሀያ ሰደቃ ሲደረግ ከአምባሰል ወርዳ ከሙሚና ጎን ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ። ሙሚና እንዳይከፋት ብላ ስለ ራሷ ልጅ አታወራም ነበር። ሲጠይቋት ብቻ ደላላው የነገራትን ትናገራለች፤ ልጇ በንጉሥ ቤት እንደምትሠራ፣ ከዚያ ቤት ስልክ መደወል እንደማይፈቀድ፣ ደህና እንደሆነች።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ወልድያን ይዞ ወደ እኛ እየወረደ በነበረበት ጊዜ፣ ተሻለች ወደ ሐይቅ መጥታ የሀምዱ ሻይ ቤት የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የዚያ አገር ንጉሥና ሚስቱ ልጆቻቸውንና ሠራተኞቻቸውን ይዘው ባሕር ማዶ ጉብኝት ወጥተዋል፣ በየቀኑም በቴሌቪዥን ይታያሉ የሚል ወሬ ሰምታ ነበር። ልጄን ባያት ብላ ነው የመጣችው። ሻይ ቤት መቀመጥ የማልወድ ብሆንም ብቻዋን እንዳትገባ ብዬ ወሰድኳት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ሻይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። የከተማው ወጣቶች፣ ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች፣ ከወልድያና ከመርሳ ተፈናቅለው ትምህርት ቤት ያረፉ ሰዎች ነበሩ። በቴሌቪዥኑ ንጉሡና ንግሥቲቱ ዝናብ በሚዘንብበት ሩቅ አገር ከአውሮፕላን ሲወርዱ ይታያል። ንጉሡ ራሱ ጃንጥላ ይዞላታል። አንዱ ዓሣ አጥማጅ «ሀምዱ፣ አየኸው? ንጉሥ ሆኖ ጃንጥላ ያዘላት። አንተ ለሚስትህ ባልዲ ይዘህላት ታውቃለህ?» አለ። ሀምዱም «ለእኔም እንዲህ ያለ ምንጣፍ አንጥፉልኝና ባልዲውን ከነሚስቴ እሸከማለሁ» ብሎ መለሰ። ሰው ሳቀ። አንዷ ተመላሽ ግን «ፈገግታዋን አትመኑት፤ የእኔም ማዳም እንግዳ ፊት እንዲሁ ነበረች። እንግዳው ሲወጣ ነው ማን እንደሆነች የምታውቁት» አለች። አንድ ወጣት ተቀብሎ «አንቺ ደግሞ ሁሉን በማዳምሽ ትለኪያለሽ! ይቺ እኮ ንግሥት ናት» ሲላት «እኔም ንጉሥ ቤት ስላልገባሁ ነዋ ጥፍሬ የተነቀለው» አለችው። ከተፈናቃዮቹ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ «የእኛ ሰው እያለቀ የሰው ንጉሥ ሽርሽር ታያላችሁ፤ አጥፉት!» ብሎ ጮኸ። ሀምዱ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ተሻለች «ወንድሜ፣ ስለ እመቤታችን፣ ልጄ እስክታልፍ» አለችው። ሀምዱ እጁን መለሰ። ሽማግሌውም ተቀመጠ።

ተሻለች ነጠላዋን አደግድጋ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። ይህን ያደረገችው ለንጉሡ ብላ ሳይሆን ልጇ እንዳታፍርባት መስሎኛል። ከንግሥቲቱ ኋላ አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ ትንሹን ልዑል አቅፋ መጣች። ሕፃኑ ሻሿን ጎተተው፤ ልጅቱም ሳቀች። ስትስቅ የላይኛው የፊት ጥርሷ ግማሹ የተሰበረ መሆኑን አየሁ። ሀያ በልጅነቷ ሐይቁ ዳር ዓለት ላይ ወድቃ ያንኑ ጥርሷን ስትሰብር ደሟን ያጠብኩላት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደህና ነው። ያየሁት ሀያን ነው።

አንድ ወጣት «ይቺ የኑርዬን ልጅ አትመስልም?» ሲል ሌላው «በሞተ ሰው አይመሰልም፤ አፍህን ዝጋ» አለው። ተሻለች ዞር ብላ አየችኝ። «ጋሽ አብዱልሃሚድ፣ ሀያን ትመስላለች አይደል? ልጄ የጓደኛዋን መልክ በየቀኑ እያየች ነው የምትውለው ማለት ነው። እሰይ፣ ይህም ማጽናኛ ነው» አለች። የእሷ ልጅ ወጥ ቤት ቀርታ ይሆናል ብላም ተቀመጠች።

በማግሥቱ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ የምትሸጠው ዋሲላ ወደ ሙሚና ቤት መጣች። ዋሲላ ከሁለቱ ልጆች ጋር አብራ የሄደች ሲሆን የተመለሰችው ባለፈው ዓመት ነው። እኔም በቦታው ነበርኩ። ዋሲላ በተናገረችው መሠረት፣ እዚያ እንደደረሱ የንጉሡ ቤት ሰዎች ኢንሳፍ የምትባለዋን ሊወስዱ መጡ፤ ልጆቹን የምትይዘዋ ሠራተኛም ቁርኣን እንድትቀራ ይፈልጋሉ ተባለ። ይመኙሻል ከመጀመሪያዋ ሱራ ከፋቲሓ አላለፈችም፤ ከታወቀብኝ ያስሩኛል ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሀያም «እኔ በአንቺ ስም ልሂድ፣ አንቺ በእኔ ስም ሌላ ቤት ትገቢያለሽ» ብላ ወረቀት ተለዋወጡ። ሁሉም በጥቁር ተሸፍነው ስለነበር መልክ ያየ የለም። ዋሲላ ለምን እስካሁን ዝም እንዳለች ጠይቄያት «መልሰው ተቀያይረው ይሆናል ብዬ ነው አባባ። ትናንት በቴሌቪዥን እስካያት ድረስ እኔም ለሀያ አልቅሻለሁ» ብላለች።

ሙሚና ይህን ስትሰማ እልል ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። «ታዲያ እዚህ ያለችው ማን ናት?» አለች። ሦስታችንም ማን እንደሆነች አውቀናል፤ ስሟን ግን ማንም አልጠራም። ሙሚና መቃብሩ ይከፈትልኝ አለች። አይሆንም አልኳት። ያኔ ሣጥኑ መከፈት ነበረበት፤ አፈር ከለበሰ በኋላ ግን ሟች አይነካም። ደጋግማ ብትለምነኝም ደጋግሜ እንቢ አልኩ።

በጥቅምት ወር አጋማሽ ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሰው ወደ ደሴ መሸሽ ሲጀምር ሙሚና አልሄድም አለች። ልጄ እዚህ ካለች ጥያት አልሄድም፣ ከሌለች ግን እሄዳለሁ ነው የምትለው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቤቷ አጣኋት። ወደ መቃብሩ ስሄድ የባድሩ ባጃጅ በር ላይ ቆሟል፤ ባድሩ ሊያሸሻት መጥቶ ወደዚህ አድርሰኝ ብላ እንዳስገደደችው ነግሮኛል። ዶማውን ከባጃጁ አውርዳ የወሰደችው እሷ ናት። ባድሩ መቃብሩን በእጁ አልነካም።

ሙሚና ከመቃብሩ ራስጌ እየቆፈረች ደረስኩ። «ተዪው» አልኳት። «ጋሼ፣ ይተዉኝ። አንቱ ያኔ ይከፈት ሲሉ የሰማዎት አልነበረም። ዛሬ እኔ ስል አንቱ አልሰሙኝም» አለች። አቆፋፈሯ ከላይ የተደረደረውን ድንጋይ ሟቿ ላይ የሚጥል ነበር። ዶማውን ተቀበልኳትና ራሴ ከፈትኩት። የሣጥኑን ክዳን አንሥቼ ከፈኑን ከፊቷ ላይ ገለጥኩ። ከዚህ በላይ አልነካሁም። ጥርሶቿ በሙሉ ነበሩ። ላይኞቹም ታችኞቹም ሙሉና ደህና ነበሩ።

ሙሚና ሻሿን ከራሷ አውልቃ አለበሰቻት። ልጄ አይደለችም አላለችም። «የኔ ልጅ፣ በሰው ስም አስተኛንሽ» ነው ያለቻት። መልሰን ከደንን። የመሣሪያው ድምፅ እየቀረበ ስለነበር አፈሩን እንደሚገባ አላስተካከልኩትም፤ ዶማውም እዚያው ተረሳ።

ተሻለች ሰምታ ካህናቷ ፍትሐት ሊያደርሱላት ይገባል፣ ይህ የሟቿ መብት ነው ብዬ ለሙሚና ነገርኳት። እሷም «የእኔ ከሞት ስትነሣ የእሷን ልግደልባት? ሦስት ዓመት አብራኝ ያለቀሰች ሴት ናት። ሀያ ራሷ ደውላ እስክትነግረን ድረስ ዝም ይበሉልኝ» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አልተስማማሁም፤ ነገር ግን ቃል ሰጠኋት። ባድሩ ወደ ደሴ ወሰዳት። እኔ ቤቴን ትቼ አልሄድም ብዬ ቀረሁ።

ከተማው በተያዘበት ጊዜ መብራትም ስልክም አልነበረም። በየቀኑ ወደ መቃብሩ እየሄድኩ ይመኙሻል ብዬ በስሟ ሰላም እላት ነበር። በስሟ የጠራት ሰው ስላልነበረ ነው። አንዳንድ ቀን እዚያ ስቆም በግቢያችን ስትስቅ የሰማሁት ሳቅ ይሰማኛል። ይህን ለፖሊስ የሚጠቅም ነገር ነው ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ አስጽፌዋለሁ።

ኅዳር ሲያልቅ ከተማው ተለቀቀ፤ ሙሚናም ተመለሰች። የሙሚና ስልክ በሽሽት ስለጠፋ የድሮ ቁጥሯ አይሠራም። ባለፈው ሳምንት ተሻለች ከአምባሰል ወርዳ ወደ ቤቴ መጣች። ከመቀመጧ በፊት «ጋሽ አብዱልሃሚድ፣ ልጄ ደወለችልኝ!» አለችኝ። ምን እንዳለችሽ ንገሪኝ ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «መስመሩ ይንጫጫል። ድምጿ ተለውጧል፤ የሰው አገር ለወጣት። እማማ ተሻለች ብላ ጠራችኝ፤ ልጄ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። የራሷን ቤት አልጠየቀችም። የሙሚና ቤት ተርፏል ወይ፣ ሙሚና በሕይወት አለች ወይ እያለች አጥብቃ ጠየቀችኝ። ሁሉም ደህና ናቸው ስላት አለቀሰችና መስመሩ ተቋረጠ። አየህ ልጄን? የሞተች ጓደኛዋን እናት አልረሳችም።»

ይህን ብላ ለሙሚና ልትነግራት ወደ ቤቷ ሄደች። ሙሚና አቅፋት ስታለቅስ ከበሩ ሆኜ አይቻለሁ። ተሻለችም እያባበለቻት «አይዞሽ እታለም፣ የእኔ ልጅ ያንቺም ናት» ትላት ነበር።

ለሙሚና የሰጠኋት ቃል ሀያ እስክትደውል ድረስ ነበር። ሀያ ደውላለች። ስለዚህ ቃሌን አላጠፍኩም። ባድሩ እንዲለቀቅ፣ መቃብር መክፈት ወንጀል ከሆነ እኔ እንድጠየቅበት፣ ሙሚናም እናት በመሆኗ እንዳትነካ አመለክታለሁ።

ምክትል ሳጅን አሻግሬ ተሻለች ቃሏን እንድትሰጥ መጥሪያ እንደሚጻፍላት ነግሮኛል። የልጇን ሞት ከመጥሪያ ላይ እንድታነበው አልፈቅድም። ነገ መኪና እስከሚደርስበት ሄጄ ቀሪውን መንገድ በእግሬ ወጥቼ ከቤቷ ደጃፍ ራሴ እነግራታለሁ። ሙሚናም አብራኝ እንደምትወጣ ትናንት ማታ ነግራኛለች። እስክንመለስ መጥሪያው እንዳይላክ ጠይቄ ቃል ተቀባዩ ተስማምቷል፤ መስማማቱም እዚህ እንዲጻፍ አድርጌያለሁ። የሀያ ስም ያለበትን ድንጋይ ዛሬ ወደዚህ ስመጣ ከመቃብሩ ነቅያለሁ። በምትኩ ስም አልጻፍኩም፤ እናቷ ሳትሰማ ድንጋይ እንዲያውቅ አልፈለግኩም።

ማንበብና መጻፍ በራሴ የተማርኩ ስለሆነ ይህን ቃል ሌላ ሰው ሳያነብልኝ ራሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ። ያላየሁትን አየሁ፣ ያልሰማሁትን ሰማሁ አላልኩም። በዚህም በዱንያም በአኼራም እጠየቅበታለሁ ብዬ በጣት አሻራ ፋንታ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አብዱልሃሚድ ሀሚዱ (ተፈርሟል)
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን አሻግሬ ይማም (ተፈርሟል)
ጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐይቅ