ስም የሌለው ብሩሽ

የልጆቼን ኮት የምጠርግበት ብሩሽ ወድቆ እጀታው በተሰነጠቀ ማግስት፣ ዝናብ ሳይቀድመኝ ብዬ እንጨት ሠራተኞች ወዳሉበት ጠባብ መንገድ ወረድሁ። ለአንድ ብሩሽ ብላ መጣች ብለው እንዳይስቁብኝ በጋዜጣ ጠቅልዬው ነበር። የመጨረሻዋ በር ብቻ ገርበብ ብላ አገኘኋት። ገፋ ሳደርጋት አንድ ሽማግሌ መጋዛቸውንና መላጊያቸውን ጆንያ ውስጥ ይከታሉ፤ የእኅታቸው ልጅ፣ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች ወጣት፣ እጇን አጣጥፋ ታያቸዋለች። ሰው የሞተባቸው መሰለኝና ልመለስ ነበር።

«ይግቡ እትዬ» አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው ብሩሹን ተቀብለው ገለበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ጠጉሩን ዳበሱ።

«ይህ የእኔ ሥራ ነው» አሉ። «ቀዳዳውን አጋድሜ የምበሳው እኔ ብቻ ነኝ። ጠጉሩ እንዳይነቀል ነው።»

«የእርስዎ? አባቴ፣ እኔኮ ይህን የሠራውን ሰው ሦስት ዓመት ፈልጌአለሁ! የገዛሁበት ሱቅ ተዘጋ። ለእኅቴ ከሌላ ሱቅ የገዛሁት በሁለት ሳምንት ረገፈ። ቤቴ እኮ ከዚህ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው።»

«ሰሙ ጋሼ?» አለች ልጅቷ፤ ወደ እኔም ዞራ፦ «ነገ ጠዋት መሣሪያውን የሚገዛ ሰው ይመጣል። አርባ ዓመት ብሩሽ የሠሩት ሰው የመጋዘን ዘበኛ ሊሆኑ ነው።»

«ፈላጊ ከሌለ ምን ላድርግ? ማስታወቂያስ አላሠራሁም?» ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ትልቅ ሰሌዳ አሳዩኝ። «የዓመት ትርፌን በላ።»

«ሰው በማያልፍበት መንገድ ተሰቅሎ፣ ያነበበው የጎረቤት ድመት ብቻ ነው» አለች ልጅቷ። «እኔ የምልዎ ገንዘብ አይፈልግም። ጎረቤታችን በያጁ የስልክ ቁጥርዎን የሚያትም ብረት ሠርቶልኛል፤ የከፈልሁት አንድ የጫማ ብሩሽ ነው። ከእጀታው ሥር በትኩሱ እንመታዋለን። ሦስት ብሩሽ ደግሞ ለሦስት ላውንደሪ በነፃ እንስጥ። ኮቱን ሊወስድ የመጣ ሁሉ ሲጠረግበት ያያል፤ ከየት ገዛችሁት ይላል።»

«በሥራዬ ላይ ራሴን መጻፍ ጉራ ነው። ዕቃ ጥሩ ከሆነ ራሱ ይናገራል።»

«ይናገራል እንጂ! በእኒህ እናት ቤት ስንት ዓመት ሲናገር ኖሯል። እርስዎ የት እንዳሉ ግን አልነገራቸውም።»

ልጅቷ እውነቷን ነበር። እኔ ግን በሁሉ ነገር ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ስለሆንሁ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ቢበላሽስ ልጄ? ያዘነ ሁሉ እየደወለ ቢሰድባቸውስ? ሌላ ሰውስ አስመስሎ መናኛ ዕቃ ላይ ቢያትምስ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «ተባረኪ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም የምፈራው እሱን ነው። ጉራ ያልሁት ሰበብ ነው። ስም የሌለው ዕቃ ቢሰበር፣ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

ልጅቷ የተሰነጠቀውን ብሩሽ ከእጃቸው ወስዳ ከፍ አደረገችው።

«ይኸው ተሰበረ። ሁለታችሁም የፈራችሁት ቀን ዛሬ ነው። እትዬ፣ ሊሰድቧቸው ነው የመጡት?»

«ኧረ በጭራሽ!» አልሁ። የመጣሁት እንዲጠግኑልኝ ነው፤ ሠሪውን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ለእኅቴ አንድ፣ ለእናቴ አንድ ልገዛ አስቤ ነበር።

«የሚያስመስለው ሰውም ቢሆን» ብላ ቀጠለች፣ «የሚፈለግ ዕቃ ነው የሚያስመስለው። እዚያ ያድርሰን!»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያም ጆንያውን ፈትተው መሣሪያቸውን አንድ በአንድ አወጡ። ስንጥቁን በኮላ አጣብቀው በሲባጎ አሰሩት፤ ብረቱን ምድጃው ላይ አግለው ከእጀታው ሥር ተጫኑት። የመጀመሪያው ምልክት ያረፈው በእኔ ብሩሽ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር ትንሽ ጠመም ብሏል።

በማግስቱ መሣሪያ ሊገዛ የመጣው ሰው አንድ የልብስ ብሩሽ ገዝቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ከሦስቱ ላውንደሪዎች ሁለቱ በየወሩ ያዝዛሉ። ሦስተኛው በነፃ የተሰጠውን ተቀብሎ ዝም ብሏል፤ እንዲህም ያለ አይጠፋም። ጠጉሩ ረገፈብን ብለው የመጡ ሁለት ሴቶች ግን አስጠግነው ሲመለሱ ሌላ ጨምረው ገዝተዋል። በእጃችሁ ሠርታችሁ የምትሸጡ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ለትልቅ ሰሌዳ አትቸኩሉ። ዕቃችሁ ላይ መገኛችሁን ጻፉበት፤ ብዙ ሰው በሚያየው እጅ አስገቡት፤ የከፋውን ሰው ደግሞ በራችሁን ከፍታችሁ ተቀበሉት። እኔ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ስቆጥር ኖሬአለሁ። በዚያው ፍርሃት ያስቀረሁትን በጎ ነገር ግን ቆጥሬው አላውቅም።

ዛሬም ስልክ ሲጮህ መርዶ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ሱቃቸው ተቀምጬ ሳለሁ ስልካቸው ቢጮህ አያንሡት ልል ቃጣኝ። ሽማግሌው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው አነሡት።

«ተሰነጠቀብዎ?» አሉ ረጋ ብለው። «ይዘውት ይምጡ። ቤቱን ልንገርዎ።»