በቆዳ የተሰፋው የጥቅምት ነፋስ

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስወርድ አቶ ዘገዬ ከጨርቅ ሱቃቸው ደጃፍ ሆነው «መምህር! እባክዎ ገብተው ይፍረዱን!» ብለው ጠሩኝ። ሰው ሲጨቃጨቅ ማለፍ አልችልምና ገባሁ።

ባንኮኒው ፊት የቆመው ካሣሁን የተባለ የእሪ በከንቱ ሰፈር ልጅ ነው። በባሕር ኃይል የራዲዮ ሠራተኛ ሲሆን ለዕረፍት ከምጽዋ መጥቷል። የአቶ ዘገዬ ልጅ እምሩም እዚያው ምጽዋ በአባቱ ጀልባ ዓሣ ያጠምዳል።

«አባባ፣ ባለፈው ወር በፖስታ የላክሁልዎ ወረቀት የት ደረሰ?» አለ ካሣሁን።

«ቆዳ አልብሼ ለእምሩ ሰደድሁለት፤ አንገቱ ላይ ነው። ‹ይህን የያዘ ጀልባ ከማዕበል ይድናል› ብለህ የጻፍኸው አንተ አይደለህም?»

ካሣሁን ራሱን ያዘ። «አባባ፣ የአየር ጠባይ ካርታ እኮ ነው፤ ጥቅሙን እንዲያዩት ለናሙና የላክሁት! ክታብ አይደለም!»

«መስመሩ የተጠማዘዘ፣ ቁጥሩ የተደረደረ! ታዲያ ክታብ ምን ይመስላል?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ግራ ገባኝ። ካሣሁን ሌላ ካርታ ዘርግቶ ቢያሳየኝ የተወሳሰበ ድር እንጂ ሌላ አልታየኝም። ተማርሁ ባይ ነኝና አፈርሁ።

«ያ ወረቀት የጥቅምት ነፋስ ነው፤ አርጅቷል» አለ ካሣሁን።

«ነፋስ ደግሞ ያረጃል እንዴ?»

«በአንድ ቀን ያረጃል! ስለዚህ ጠዋትና ማታ በራዲዮ ቁጥር ይነገራል፤ እኛም ቁጥሩን ሰምተን መስመሩን እንሥላለን። ማስጠንቀቂያም አለ፤ ‹እዚህ ቦታ የባሕሩ መብራት ጠፍቷል፣ እዚያ የተሰበረ መርከብ ይንሳፈፋል› ይባላል። እምሩ መስማቱንም መሣሉንም ከእኔ ተምሯል። የቀረው የራዲዮው ሣጥን ነው፤ እሱንም ጀልባው ላይ ላስገባ ብሎ ቢጠይቅዎ ከለከሉት።»

«ወረቀቱ ካለው ሣጥኑ ምን ያደርግለታል ብዬ ነዋ!» ካሉ በኋላ ድምፃቸው ቀነሰ። «ቆይ፣ እምሩ ምን ይላል?»

«‹አባቴ መጠበቂያ ልከውልኛል፣ ምንም አልሆንም› ይላል። ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ሐሙስ ባሕር ይገባል።»

አቶ ዘገዬ ባንኮኒውን ተደገፉ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ አሳዘኑኝ። «ግን የነገን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ አይደለም ወይ?» አሉኝ።

«አቶ ዘገዬ፣ ከፊትዎ ያለው ድልድይ ፈርሷል የሚልዎትን መንገደኛ ጠንቋይ ይሉታል?»

«ኧረ አመስግኜው እመለሳለሁ!»

«ራዲዮውም እንደዚያ መንገደኛ ነው። ያየውን ይናገራል እንጂ ከፈጣሪ ጋር አይጣላም።»

ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያደርጉ ወደ ቴሌግራም ቤት ሮጡ። ያስጻፉት ቃል፦ «ሣጥኑን አስገባ። የአንገትህን አትመን። ሳትሰማ እንዳትወጣ።» ጸሐፊው ግራ ተጋብቶ ሁለት ጊዜ አስደገማቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መልሱ ሲመጣ ሁላችንም ሱቁ ውስጥ ነበርን። ካሣሁን አነበበው፦ «ሣጥኑ ገባ። ብርቱ ነፋስ ተነገረ። አልወጣሁም። እምሩ።»

እነሆ፣ ዕውቀት በጊዜው ሲሰማ ሰውን ከነጀልባው ያተርፋል፤ ሠራተኛው ነገ ይሠራል፣ እናትም ያለ ሥጋት ታድራለች። ያረጀ ወረቀት ግን ተሰፍቶ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ለባለቤቱ ባዶ ድፍረት ብቻ ይሰጠዋል። እኛ የከተማ ሰዎችም የሰፋነው አሮጌ ነገር ብዙ ነው።

የአቶ ዘገዬ ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ እንባቸውን እየጠረጉ ቴሌግራሙን ተቀበሉ። «ይህን ወረቀትስ እኔው ራሴ ቆዳ አለብሰዋለሁ» አሉ።

«ተይው» አሉ አቶ ዘገዬ። «ይሄ የዛሬ ነው፤ ለነገ አይሆንም። ካሣሁን፣ የነገው በስንት ሰዓት ይነገራል?»