ያጠፋሁት አሮጌ ዊንዶውስ

ያልታዘዝኩትን ጨምሬ መሥራት ያስተዉኝ አንዲት የኮምቦልቻ እናት ናቸው። ልጃቸው ላፕቶፓቸውን ደሴ ፒያሳ ያለችው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ ድረስ አምጥቶ፣ «ሲበራ ሁለት ዊንዶውስ እያስመረጠ ያዘገያል፤ አሮጌውን አጥፋልኝ» አለኝ። ፎቶዎቹን አንድም ሳላስቀር ወደ አዲሱ ገልብጬ አሮጌውን አጠፋሁት። እናቱ እንዳይቸገሩ ብዬም ያለ ፓስወርድ እንዲከፈት አደረግሁት።

በሳምንቱ እናትየው ራሳቸው መጡ። «ወላሂ ፎቶውስ ሁሉም አለ። ግን ልጄ ዘይነብ ጅዳ ልትሄድ ስትል ስሟን መጻፍ አስተምራኝ ነበር። አሮጌው ስሟን ስጽፍለት ነበር የሚከፈትልኝ። አሁን የት ልጻፈው?» አሉኝ። እዚያው የልጅቱን ስም ፓስወርድ አድርጌ አቀረብኩላቸው። በአንድ ጣት ፊደሉን እየፈለጉ ጻፉ፤ ተከፈተ። ክዳኑን ቀስ አድርገው ከደኑት።

«አላህ ይስጥልኝ ልጄ» አሉኝ። «አሮጌውን የከፈተችልኝ ዘይነብ ነበረች፤ ይኸኛውን የከፈትክልኝ ግን አንተ ነህ።»