የዘመድ ቤት ፎርም

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ወንበሩም ተደርድሯል፣ ኬኩም ቀርቧል። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህ ቢሮ አንድ ሥራ በሰዓቱ ሲጨርስ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም እኔን መሸኘት ሆነ።

አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ምን ቸገረኝ።

እኛ የቤት ተባይ መርማሪዎች ነን። መታወቂያችን ላይ እንደዚያ ይላል። ሰው ቤት ገብተን እንጨት ሰርሳሪ ጉንዳን መኖር አለመኖሩን እናያለን ተብሎ ነው ደመወዝ የሚከፈለን። ስንቶቻችሁ ናችሁ ዛሬም ይህን ጉንዳን ከምስጥ የማትለዩት? እጅ ማውጣት አያስፈልግም፣ አውቃችኋለሁ። ምስጥ እንጨቱን ይበላል። ይሄኛው አይበላም፤ ቦርቡሮ ይኖርበታል፣ ብናኙን ወደ ውጭ ይጥላል። መስኮት ሥር የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ክምር፣ ውስጡም የነፍሳት እግርና ክንፍ ካያችሁ ሌላ ምን ማስረጃ ትጠብቃላችሁ? ጉንዳኑ ማህተም እንዲመታላችሁ ነው?

ባለቤቶቹም ከእናንተ አይሻሉም። አንዲት እናትን "ብናኝ አይተው ያውቃሉ?" ብላቸው፣ "ኧረ በየቀኑ! ዛሬ እናንተ ትመጣላችሁ ብዬ ጠርጌው ነው እንጂ" አሉኝ። ለመርማሪ ክብር ሲባል ማስረጃው ተጠረገ።

መድኃኒት ረጪያችን ደግሞ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ግድግዳ ላይ የሚሄዱትን ይረጫል፣ "አለቁ" ይላል፣ ይወጣል። አንድ ቀን "ንግሥቲቱስ?" ስለው "እሷን አላገኘኋትም" አለኝ፤ የቀጠረችው ይመስል። እሷ እኮ ውስጥ ነች፣ እርጥብ እንጨት ውስጥ፣ እየፈለፈለች። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አስጠግኑ፣ የራሰውን እንጨት ለውጡ፣ ማገዶውን ከግድግዳው አርቁ፣ ጣሪያ የነካውን ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ስንጥቁን ድፈኑ። ይህን ለሰው ለመንገር ስንት ዓመት ሥልጠና ይበቃችኋል?

አሁን ወደ ዋናው ነውራችን ልምጣ። የዘመድ ቤት ፎርም።

የየራሳችን ቤተሰብ ቤት በየዓመቱ በሌላ ባልደረባ መመርመር አለበት። እንዴት ነው የምንመረምረው? ታች ሻይ ቤት ቁጭ ብለን። "የአክስቴ ቤት ነው፣ እንዳታንገላቷት።" "ችግር የለም፣ የኔ ጌታ።" ፎርሙ ይሞላል፣ "ንጹሕ" ይባላል፣ ውለታ ሆነ። የማናውቀውን ሰው ምሰሶ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ለመስማት በመፍቻ እጀታ አንድ በአንድ እናንኳኳለን፤ የእናቶቻችንን ቤት ግን ሻይ እያማሰልን እንጨርሰዋለን። ስለዚህ በዚህ ከተማ ያልተመረመረው ቤት የመርማሪዎቹ ቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጅልነት ከእኛ ሌላ ማን ይችልበታል?

የዚህ ጅልነት አለቃ ደግሞ እኔ ነኝ። የታናሽ እህቴን ቤት አራት ዓመት በተከታታይ "ንጹሕ" አስብያለሁ። አንድ ቀን ስልክ ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ በረንዳው ምሰሶ ሥር ብናኝ አለ።"

"ጥረጊው" አልኳት። ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

"ጆሮዬን ሳስጠጋው ውስጡ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል እኮ።"

"ተፈርሞበታል አልኩሽ! ምን ያስፈራሻል?"

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። እናንተን የምሰድባችሁ በዚህ አፌ ነው።

ባለፈው ዓመት ልብስ አስጥታ ስትጨርስ ደከማትና ምሰሶውን ተደገፈችው። ከነእሷ ወደቀ። ዳሌዋ ተሰበረ። ስብርባሪውን አንስቼ አየሁት፤ ከላይ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። በጣቴ ገፋሁት፣ ገባ። ሆስፒታል ስደርስ እንድትሰድበኝ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን፣ "ጋሼ፣ አንተ አይተኸዋል ብዬ እኮ ነው የተደገፍኩት" አለችኝ። ዛሬም በከዘራ ነው የምትሄደው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ መስታወት ፊት ጢሜን ስላጭ ዓይኔን አላየውም።

እንግዲህ ልሂድ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ከእናንተ የተሻሉ ሠራተኞች ይሁኑ፤ እሱስ ብዙም አያስቸግራቸውም። ቤታችሁን ፈጣሪ ይጠብቅላችሁ፣ እኛ አላየነውምና። ነገ ጠዋት ወላጆቻችሁ ቤት ሂዱ፣ አንኳኩ፣ አዳምጡ። የወደፊቱ ጊዜያችሁ የቀና ይሁን።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። የእናትዎን ቤት ፎርም ሦስት ጊዜ የሞላሁት እኔ ነኝ። በራቸውን እንኳ አላውቀውም። ደረጃው የእንጨት እንደሆነ እርስዎ ነግረውኝ ነበር። አሁን ይደውሉላቸውና ፎቅ ላይ ከሆኑ እንዳይወርዱ ይንገሯቸው፤ መፍቻዬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እየመጣሁ ነው ይበሏቸው።